«ሉአሕ»፦ ጽላት ተብሎ ስለተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙሴ ከሲና ተራራ ይዞት የወረደው ነገር በዕብራይስጥ «ሉአሕ» ይባላል። በዛሬዋ እስራኤል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያም «ሉአሕ» ነው፤ መምህሩ በጠመኔ የሚጽፍበትም እንዲሁ። ዕብራይስጥ መማር የጀመረ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ ጽላት ጨርቅ ተጎናጽፎ በመቅደስ የሚቀመጥ ቅዱስ ነገር ነው። እንዴት ተብሎ ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ጋር በአንድ ስም ይጠራል?

ቃሉ በትክክል እንዴት ይነበባል?

ሦስት ፊደሎች ብቻ ናቸው፤ ላሜድ፣ ዋው፣ ሔት። መዝሙረ ዳዊትን የደገመ ሰው በ118ኛው መዝሙር «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል» እያለ ሲያልፍ ሦስቱንም አግኝቷቸዋል። ፊደሎቹን ብቻ ብናይ ቃሉ «ሉሕ» መሆን ነበረበት። ነገር ግን ዕብራይስጥ በቃል መጨረሻ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ሲመጣ፣ ምላስ እንዳይቸገር ከፊቱ አጭር «አ» ያስገባል። ስለዚህ «ሉአሕ» ተባለ። በብዙ ቁጥር ያቺ «አ» ስለማታስፈልግ ትጠፋና «ሉሖት» ይሆናል።

የመጨረሻዋ ድምፅ በዛሬው የእስራኤል ንግግር በብዛት «ኽ» ናት። የየመን አይሁድ ግን ጥንታዊውን «ሐ» ጠብቀው አቆይተዋል። ትግርኛ የሚናገር ሰው ያለ ልምምድ ይላታል፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሐመሩን «ሐ» መጻፍ እንጂ ማሰማት ከተውን ቆይተናል።

ወንዴ ነው ሴቴ?

ወንዴ ነው። የሚያሳስተው የብዙ ቁጥሩ መድረሻ ነው፤ «ኦት» ብዙውን ጊዜ የሴቴ ምልክት ነውና። ኦሪት ዘጸአት ግን ሁለቱን ጽላት ሲቆጥር «ሽኔ ሉሖት» ይላል፤ «ሽኔ» ደግሞ የወንዴ «ሁለት» ነው። ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት ቦታ ነው።

መነሻ ትርጉሙ «የተጻፈበት ድንጋይ» ነው?

አይደለም። መነሻው ሳንቃ ነው፤ ጠፍጣፋና ልስልስ ተደርጎ የተጠረበ ነገር። ቃሉ በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ከ40 ጊዜ በላይ ይገኛል። አብዛኛው የሙሴን ጽላት የሚመለከት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የቀሩትን ቦታዎች ሰብስቦ ያየ ሰው ወዲያው የእንጨት ሽታ ይሸተዋል። በዘጸአት 27፥8 መሠዊያው ውስጡ ባዶ ሆኖ ከ«ሉሖት» ይሠራል፤ ከሳንቃ ማለት ነው። በመኃልየ መኃልይ 8፥9 የዝግባ «ሉአሕ» አለ። ሕዝቅኤል 27፥5 የጢሮስን ከተማ በመርከብ መስሎ ሲያለቅስላት፣ የመርከቧን ሁለት ጎን ሳንቃዎች «ሉሖታዪም» ይላቸዋል። በ1ኛ ነገሥት 7፥36 ደግሞ በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ለነበሩት የናስ መቀመጫዎች የተቀረጸባቸው ገበታዎች በዚሁ ስም ተጠርተዋል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳምነኝ አንድ ነገር አለ። ኦሪት ስለ ሲና ሲናገር ብዙ ጊዜ «ሉሖት ኤቨን» ይላል፤ የድንጋይ ሉሖት። ቃሉ በራሱ ድንጋይ ማለት ቢሆን ኖሮ «የድንጋይ» ብሎ መጨመር ለምን አስፈለገ? አድማጩ በተፈጥሮው እንጨት እንደሚያስብ ጸሐፊው ስላወቀ ነው የጨመረው።

ቃሉ የዕብራይስጥ ብቻ ነው ወይስ ዘመድ አለው?

ዘመዱ ብዙ ነው። በአካድኛ፣ በጥንቷ መስጴጦምያ ቋንቋ፣ «ሌኡ» የመጻፊያ ሳንቃ ነው። በሰሜን ሶርያ ጠረፍ የነበረችው ኡጋሪት ከተማ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ለሰሌዳና ለደብዳቤ ትጠቀም ነበር። አራማይክ «ሉሓ» ይላል፤ ዐረብኛ «ለውሕ»። ግእዛችንም «ለውሕ» አለው፤ ብዙ ቁጥሩ «አልዋሕ» ነው።

የዐረብኛውን ቃል ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በቁርኣን ሱራ 7 ለሙሳ የተሰጡት «አልዋሕ» ናቸው። በሱራ 54፥13 ግን የኑሕ መርከብ «የአልዋሕና የምስማር ባለቤት» ተብላ ተገልጻለች። አንድ ቃል፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንዱ ጋ የሕግ ጽላት፣ ሌላው ጋ የመርከብ ሳንቃ። ከሕዝቅኤል መርከብ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ ይሏል። በሱራ 85 መጨረሻ ላይ ያለው «ለውሒን መሕፉዝ»፣ ማለትም የተጠበቀው ሰሌዳ፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

በየቁርኣን ትምህርት ቤቱ ልጆች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አጥበው ደግመው የሚጽፉበት እርሱ፣ የጥንቱን ሰው «ሉአሕ» በዓይን ለማየት ለሚፈልግ ከሙዚየም ይልቅ ይቀርባል። አማርኛችን «የሥራ ሉህ» ወይም «አንድ ሉህ ወረቀት» ሲልም የዚሁ ዘር ነው። እንጨቱ ቀርቶ ወረቀት ሆነ እንጂ ስሙ አልተለወጠም።

ቃሉን «ታየ፣ አንጸባረቀ» ከሚል የዐረብኛ ግሥ ጋር ያገናኙ የድሮ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አሉ። እኔ ብዙም አይጥመኝም፤ ሳንቃ የሚያህል ተራ ዕቃ ስም ለማግኘት ግሥ አይለምንም።

በጥንት ጊዜ ሰው በእርግጥ በሳንቃ ላይ ይጽፍ ነበር? የመስጴጦምያ ጽሑፍ በሸክላ ላይ አይደለም እንዴ?

በሸክላም ነው፣ በሳንቃም ነው። ሸክላው እንደ ድንጋይ ስለሚጸና ለእኛ ደረሰ፤ እንጨቱ በሰበሰ። አካድኛ ራሱ ሁለቱን ለይቶ ይጠራል፤ የሸክላው «ጡፑ»፣ የሳንቃው «ሌኡ»።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ የሳንቃው መሐል በጥቂቱ ይቦረቦርና ዙሪያው ጠርዝ ይቀርለታል። በተቦረቦረው ላይ ሰም ይፈስበታል። ጸሐፊው በሹል ነገር ሰሙን ይጭራል፤ ሲሳሳት ወይም ሲጨርስ ሰሙን ዳምጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለት ሳንቃ በማጠፊያ ተያይዞ እንደ መጽሐፍ ይዘጋል፤ ጽሑፉ ውስጥ ስለሚሆን አይፋቅም።

ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከጥፋት ተርፈዋል። በቱርክ ደቡብ ጠረፍ ኡሉቡሩን በተባለ ቦታ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የሰጠመ የንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1984 መቆፈር ተጀምሮ ነበር። ከውስጡ መዳፍ የምታህል፣ የምትታጠፍ ባለ ሁለት ገጽ የእንጨት ሰሌዳ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ማክስ ማሎዋን በኢራቅ ኒምሩድ ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ የውኃ ጉድጓድ የዝሆን ጥርስ ሰሌዳዎች አወጣ። የተሠሩት ለአሦር ንጉሥ ለዳግማዊ ሳርጎን ሲሆን፣ ሳርጎን ሰማርያን ማረክሁ ብሎ ያስጻፈ ንጉሥ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ሰሙና ጽሑፉ ጭምር ተገኝቷል።

ስለዚህ ኢሳይያስ (30፥8) እና ዕንባቆም (2፥2) ቃሉን በ«ሉአሕ» ላይ እንዲጽፉ ሲታዘዙ፣ በዘመኑ ሰው ዓይን የሚታየው የሰም ሰሌዳ ሳይሆን አይቀርም። የግሪክ ተርጓሚዎችም እንዲህ ነበር የገባቸው፤ በሁለቱም ቦታ «ፒክሲዮን» አሉት። ፒክሶስ ሰሌዳ የሚሠራበት ጠንካራ እንጨት ስም ነው። ልማዱ ከማየሉ የተነሣ በዘጸአት 24፥12 ላይ የሙሴን ጽላት ጭምር «የድንጋይ ፒክሲያ» ብለውታል። ቃል በቃል ካየነው «ከድንጋይ የተሠሩ የእንጨት ሰሌዳዎች» ማለት ነው! ተርጓሚው እንጨቱን ረስቶታል፤ ቃሉ በእርሱ ዘመን የመጻፊያ ስም ብቻ ሆኖ ነበርና።

የሙሴ ጽላት ቅርጻቸው ላያቸው ክብ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ኦሪት ስለ ቅርጻቸው አይናገርም። ላዩ ክብ የሆነው ምስል በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሠዓሊዎች የተስፋፋ ነው። እነርሱ የሚያውቁት ባለ ሁለት ገጽ መጻፊያ ስለነበር ሙሴንም እርሱን አስያዙት። ልማዱ ቆይቶ ወደ ምኩራቦች ጭምር ገባ።

የአይሁድ ሊቃውንት ሕግና ትምህርት የተሰበሰበበት የባቢሎን ታልሙድ ግን ልኩን ይሰጣል፤ ርዝመቱ 6 ጋት፣ ወርዱ 6 ጋት፣ ውፍረቱ 3 ጋት (ባቫ ባትራ በተባለው ክፍል፣ 14)። ይህ ሳንቃ ሳይሆን ግንድ የሚያህል አራት ማዕዘን ነው፤ ተራራ ለሚወርድ የ80 ዓመት ሽማግሌ ቀላል ሸክም አይመስለኝም።

አምስቱ ትእዛዛት በአንዱ፣ አምስቱ በሌላው ላይ ነበር የተጻፉት?

ብዙዎች እንዲህ ይላሉ። የኢየሩሳሌም ታልሙድ ግን ክርክሩን ያቀርባል፤ አምስት አምስት ናቸው የሚል አለ፣ በእያንዳንዱ ላይ ዐሥሩም ነበሩ የሚልም አለ። ሁለተኛው ሐሳብ በጥንቱ ምሥራቅ የውል ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቃል ኪዳን ሲገባ ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቅጂ ይዘጋጅ ነበር። ከስሞቻቸው አንዱም «ሉሖት ሃብሪት» ነው፤ የቃል ኪዳን ጽላት።

ራሺ የተባለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተንታኝ ደግሞ በዘጸአት 31፥18 «ሉሖት» የሚለው ቃል በጎደሎ ፊደል መጻፉን አይቶ፣ ነጠላ መስሎ የተጻፈው ሁለቱ እኩል ስለነበሩ ነው ይላል። ከአንዲት የጎደለች ፊደል ይህን ያህል ማውጣት የራሺ ሙያ ነው።

የተሰበሩት የመጀመሪያዎቹ ጽላት ምን ሆኑ?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህ ነው። ኦሪት ሙሴ ከተራራው በታች እንደሰበራቸው ይነግረንና ስብርባሪው የት እንደገባ ሳይነግረን ያልፋል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን ይህን ሊተዉት አልቻሉም፤ የእግዚአብሔር ጣት የነካው ነገር እንደ ገል ይጠረጋል እንዴ? መልሳቸው ያው ባቫ ባትራ ውስጥ አለ፤ ጽላቱም የጽላቱም ስብርባሪ በአንድነት በታቦቱ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ሺቭሬ ሉሖት»፣ የጽላት ስብርባሪ፣ ከዚያ ወዲያ የሰው ስም ሆነ። በታልሙድ ብራኾት 8 ላይ፣ በራሱ ጥፋት ሳይሆን በእርጅና ትምህርቱን የረሳ ሽማግሌ ሊቅ ክብሩ እንዲጠበቅ ይታዘዛል። ምክንያቱም ሙሉው ጽላትና የተሰበረው በአንድ ታቦት አሉና። የኔታቸው አርጅተው ዜማው የጠፋባቸው የቆሎ ተማሪ ይህን አባባል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ጽላቱ የተሰበሩበት ቀን በአይሁድ ትውፊት የታሙዝ ወር 17ኛ ቀን ነው፤ ዛሬም ይጾማል። ሁለተኞቹ የወረዱት በዮም ኪፑር፣ በማስተስረያ ቀን፣ እንደሆነ ይነገራል። ለሁለተኞቹ ድንጋዩን የጠረበው ሙሴ ራሱ ሲሆን፣ የድንጋዩ ፍላጭ ለእርሱ ስለተተወለት ባለጸጋ ሆነ የሚል ወግም አለ።

«የልብ ጽላት» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ?

በምሳሌ 3፥3 እና 7፥3 «በልብህ ጽላት ጻፋቸው» የሚለው «ሉአሕ ሊቤኻ» ነው። ትርጉሙ የሚጎላው የሰም ሰሌዳውን ካሰብን በኋላ ነው፤ ተማሪ ትምህርቱን የሚጭርበትን ዕቃ ልብህ አድርገው እያለው ነው። ኤርምያስ 17፥1 ነገሩን ገልብጦ ኃጢአት በልብ ጽላት ላይ በብረት ብዕር ተቀርጿል ይላል። ሰም ቢሆን ይዳመጥ ነበር፤ የተቀረጸ ግን በምን ይጠፋል? ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 3፥3 የድንጋዩን ጽላትና የሥጋውን ልብ ፊት ለፊት አቁሟቸዋል።

ታዲያ «ሉአሕ» የቀን መቁጠሪያ የሆነው እንዴት ነው?

በሠንጠረዥ በኩል ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ አይሁድ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በረድፍና በዓምድ አስልተው ሲጽፉ፣ ሠንጠረዦቹን «ሉሖት» አሏቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በባርሴሎና የኖረው አብርሃም ባር ሒያ የሠራው «ሉሖት ሃናሲ» የታወቀ ምሳሌ ነው። ጨረቃ መቼ እንደምትወለድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በዓል መቼ እንደሚውል ይናገራል፤ ከዚያ የዓመቱ ሠንጠረዥ «ሉአሕ ሻና» ተባለ፤ «ሻና» ዓመት ነው። በመጨረሻ «ሻና» ተቆርጦ «ሉአሕ» ብቻውን በቂ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮበርት ማካሊስተር የተባለ አየርላንዳዊ አርኪዮሎጂስት፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ በምትገኘው ጌዜር ውስጥ አንዲት የኖራ ድንጋይ ቅርፍ አገኘ። ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። የተጻፈችው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ሲሆን የምትለው የገበሬን ዓመት ነው፤ ሁለት ወር ምርት መሰብሰቢያ፣ ሁለት ወር መዝሪያ፣ ሁለት ወር የዘገየ መዝሪያ፣ አንድ ወር የተልባ፣ አንድ ወር የገብስ አጨዳ፣ አንድ ወር የቀረው አጨዳ፣ ሁለት ወር የወይን መግረዣ፣ አንድ ወር የበጋ ፍሬ። ደምሩት፤ 12 ይሆናል። ለ«ወር» የገባው ቃል የግእዛችን «ወርኅ» ወንድም ነው። በጊዜው አገሩ በኦቶማን ሥር ስለነበር ድንጋዪቱ ዛሬም ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ናት።

ዕብራይስጥ ይህችን ድንጋይ «ሉአሕ ጌዜር» ይላታል። የጌዜር ሰሌዳ ነው ወይስ የጌዜር የቀን መቁጠሪያ? ሁለቱም ነው፤ ሌላ ቋንቋ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

በዛሬው ዕብራይስጥ የት የት ይገባል?

የማይገባበት ቢቆጠር ይቀላል። የማስታወቂያ ሰሌዳ «ሉአሕ ሞዳኦት»፣ የጊዜ ሰሌዳ «ሉአሕ ዝማኒም»፣ የማባዛት ሠንጠረዥ «ሉአሕ ሃኬፌል»፣ የመኪና ሹፌር ፊት ያለው የመሣሪያ ገበታ «ሉአሕ ማሕቫኒም»፣ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ አእምሮ «ሉአሕ ሓላቅ» ነው። የምድርን ቅርፊት የሚሸከሙት ግዙፍ ገበታዎች እንኳ «ሉሖት» ናቸው። የመኪና ታርጋ በማሳነሻ «ሉሒት» ይባላል። በጣት የሚነካው ታብሌት ኮምፒውተርም «ማሕሼቭ ሉአሕ» የሚል ስም አለው፤ ሕዝቡ ግን እንደ እኛ «ታብሌት» ማለት ይቀናዋል። የሚዋጠው ታብሌት ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እርሱ ከላቲን በመጣ ሌላ ቃል «ታቭሊያ» ይባላል።

ለመጻፊያ ሰሌዳ ሌላ የዕብራይስጥ ቃል የለም?

አለ። በሮማውያን ዘመን «ፒንቃስ» ከግሪክ ገባና የሰም ሰሌዳውን ስም ወሰደ። የታልሙድ መሠረት በሆነው በሚሽና ውስጥ «መዝገቡ ተከፍቷል፣ እጅም ትጽፋለች» የሚለው ዝነኛ አነጋገር (አቮት 3) ስለ ፒንቃስ ነው። በሉቃስ 1፥63 ዲዳ የሆነው ዘካርያስ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ የጻፈበትም የዚሁ የግሪክ ቃል ታናሽ ነው። በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም «ብራና» ስለተባለ ሰሌዳው ተሰውሮብናል።

የእኛ «ጽላት» ከ«ሉአሕ» ጋር ይዛመዳል?

በትርጉም እንጂ በሥር አይዛመድም። «ጽላት» የግእዝ ቃል ሲሆን ነጠላው «ጽሌ» ነው። አማርኛ ብዙ ቁጥር መሆኑን ረስቶ «ጽላቶች» ይላል። መጽሐፈ ኩፋሌ «ጽላተ ሰማይ» ስለሚላቸው፣ የዘመናት ሥርዓት ስለተጻፈባቸው የሰማይ ሰሌዳዎች ደጋግሞ ይናገራል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል።

«ታቦት» ደግሞ ሌላ ነው። በኦሪት ታቦቱ ማኅደር፣ ጽላቱ በውስጡ የሚያድር ነው፤ ለማኅደሩ የዕብራይስጥ ስሙ «አሮን» ነው። በንግግራችን ሁለቱን እያለዋወጥን እንጠራቸዋለን።

ለ«ሉአሕ» የሚቀርበው የአማርኛ ቃል በእኔ ግምት «ሰሌዳ» ነው። ትውልዱ ከግሪኩ «ሴሊስ»፣ ከገጽ ዓምድ፣ ቢሆንም መንገዳቸው አንድ ነው። ጥቁር ሰሌዳ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር እንላለን። አራቱም በዕብራይስጥ ከሉአሕ ቤት ናቸው። ይህ ማለት መጽሐፍ ቅዱሳችን «ጽላት» ማለቱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ዕብራይስጥ ሰሚ ግን ስለ ሲና ሲያነብ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ቃል በየዕለቱ የሚጠራው የዕቃ ስም ነው።

«ሉአሕ» ብቻውን ሲጠራ የትኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በቦታው። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ወደ ሉአሕ ተመልከቱ» ካሉ ጥቁር ሰሌዳው ነው። ለሐኪም ቀጠሮ ስትደውሉ ጸሐፊዋ «ሉአሑን ልይ» ካለች የቀን መቁጠሪያዋን ልታይ ነው። እንጨት ቤት ገብታችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ምን ያህል ውፍረት እንደምትፈልጉ ይጠይቋችኋል።